የአየር ብክለትና የልጆች አለርጂ በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ግርጌ

የአየር ብክለትና የልጆች አለርጂ በሰሜን ምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ አብረው የሚታዩ ሁለት የጤና ጉዳዮች ናቸው። የአየር ብክለት ማለት ጭስ፣ አቧራና ጎጂ ጋዞች ጤናን በሚጎዳ መጠን ከአየር ጋር መቀላቀላቸው ነው። አለርጂ ደግሞ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በራሱ ጉዳት በማያደርስ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በአበባ ብናኝ ወይም በቤት አቧራ ላይ፣ ከመጠን በላይ ሲቆጣ የሚፈጠር ሁኔታ ነው። ብክለት ብቻውን አለርጂ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን የአፍንጫንና የሳንባን ሽፋን ስለሚያቆስል አለርጂ ያለበትን ልጅ ሕመም ያብሳል።

እንጦጦ በከተማው ነዋሪ ዘንድ በንጹሕ አየሩ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ከተራራው ሥር የሚያድግ ልጅ የሚተነፍሰው አየር በአብዛኛው የሚወሰነው በቤቱ ማድ ቤት፣ በሰፈሩ መንገድና በወቅቱ የአየር ጠባይ ነው።

መልክዓ ምድርና የአየር ጠባይ

አዲስ አበባ በአማካይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በሰሜን በኩል የእንጦጦ ሰንሰለት ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይከባታል፤ ሰንሰለቱ ወደ ምሥራቅ ሲቀጥል የየካ ተራራ ይባላል። የየካ ክፍለ ከተማ ከዚህ ተዳፋት ሥር ተነሥቶ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ቀበና፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሾላ፣ የካ ሚካኤል፣ መገናኛና ኮተቤ በክፍለ ከተማው ከሚታወቁት ሰፈሮች መካከል ናቸው። በ2013 ዓ.ም. የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም ከቀድሞው የየካ ግዛት የተወሰነው ክፍል ወደ አዲሱ ተዛውሯል።

ተራራው በአየሩ ላይ ሁለት ዓይነት ውጤት አለው። ቀን ላይ ነፋስ ሲኖር ጭሱ ይበተናል። በበጋ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ግን መሬቱ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ከተዳፋቱ ወደ ታች ይፈስሳል፤ በላዩም ሞቅ ያለ አየር እንደ ክዳን ይጋደማል። ይህ ሁኔታ የሙቀት ግልብጥ ይባላል። ማለዳ ላይ ከየቤቱ የሚወጣው ጭስና የመኪናው ጭስ ከዚህ ክዳን ሥር ታፍኖ ይቆያል። ከእንጦጦ አናት ላይ ጠዋት ወደ ከተማዋ የሚመለከት ሰው የሚያየው ግራጫ ንብርብር ከዚህ የሚመጣ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ክዳኑ ይሟሟል። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት ነው።

ክረምት አየሩን ፈጽሞ ያጥባል የሚለው ግምት ትክክል አይደለም። ዝናብ የመንገድ አቧራን ይቀንሳል። ነገር ግን ደመናና ብርድ የአየሩን መደባለቅ ያዳክማሉ፣ ቤተሰቦችም በርና መስኮት ዘግተው እሳት ያነድዳሉ። በከተማው የተካሄዱ ልኬቶች ደቃቅ ብናኝ በክረምት ወራት ከፍ እንደሚል አሳይተዋል።

የብክለቱ ምንጮች

ማድ ቤት

የኢትዮጵያ የማገዶ ታሪክ ከእንጦጦ ጋር በቅርብ የተያያዘ ነው። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ አዲስ አበባን ከመመሥረታቸው በፊት መናገሻቸው በእንጦጦ ነበር። በአካባቢው ያለው የአገር በቀል ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ እየሳሳ ሲሄድ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ተተከለ። ዛፉ ፈጥኖ ስለሚያድግና ተቆርጦ ስለሚያቆጠቁጥ አዲሲቱ ከተማ የማገዶ ችግሯን በእርሱ አቃለለች። ከዚያ ጀምሮ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ከተራራው በሴቶች ጀርባ እየወረደ ወደ ከተማው ሲገባ ኖሯል። ቅጠሉ ቶሎ ስለሚነድድ ለእንጀራ ምጣድ ተፈላጊ ነው፤ ጭሱ ግን ብዙ ነው።

በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በአገር አቀፍ ደረጃ ከ10 ቤተሰቦች ከ9 በላይ የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ወይም በሌላ ጠጣር ማገዶ ነው። አዲስ አበባ ከገጠሩ ትለያለች፤ የኤሌክትሪክ ምጣድና ምድጃ በብዛት የገባው በዚሁ ከተማ ነው። ሆኖም መብራት ሲጠፋ ወይም ገንዘብ ሲያጥር ብዙ ቤት ወደ ከሰልና ወደ እንጨት ይመለሳል። ለወጥ ከሰል፣ ለእንጀራ እንጨት፣ ለሻይ ኤሌክትሪክ እያሉ ማገዶን አቀላቅሎ መጠቀምም የተለመደ ነው።

በአንድ ክፍል ውስጥ በሚያበስል ቤተሰብ፣ እንዲሁም ጥግ ለጥግ በተሠሩ የጋራ ማድ ቤቶች፣ የጭሱ መጠን ከውጭው አየር እጅግ ይበልጣል። እናት እንጀራ ስትጋግር በጀርባዋ ያዘለችው ወይም ከአጠገቧ የተቀመጠው ሕፃን ከእርሷ እኩል ይተነፍሰዋል። በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ የሚጨሰው ዕጣንም ለአብዛኛው ሰው ደስ የሚል መዓዛ ቢኖረውም ጭስ ነው፤ አስም ላለበት ልጅ ሳል ሊቀሰቅስ ይችላል።

መንገድ

መገናኛ ከከተማው ትልልቅ የትራንስፖርት መጋጠሚያዎች አንዱ ነው። በኮተቤ በኩል ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድም በዚህ አካባቢ ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አካባቢ በ4 እጅ አንድ ያህል የሳሳ ነው። ለሞተሩ የሚደርሰው ኦክስጅን ስለሚያንስ በተለይ አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች ነዳጁን በሚገባ አያቃጥሉም። ጭነት ይዘው ዳገት ሲወጡ የሚተፉት ጥቁር ጭስ የዚህ ውጤት ነው። ከዚህ በተጨማሪ አስፋልት ያልለበሱ መንገዶችና የግንባታ ቦታዎች አቧራ ያስነሣሉ።

ቆሻሻ ማቃጠልና ኅዳር ሲታጠን

ኅዳር 12 ቀን በየዓመቱ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ደጃቸውን ጠርገው ቆሻሻውን በየሰፈሩ የማቃጠል ልማድ አላቸው። ልማዱ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። መነሻው በ1911 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የመታው ዓለም አቀፍ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፣ በአገሩ አጠራር «የኅዳር በሽታ» ነው። በዚያን ጊዜ በከተማው በሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል፤ ጭሱም በሽታውን ያባርራል ተብሎ ይታመን ነበር። ዛሬ በሚቃጠለው ቆሻሻ ውስጥ ግን የዚያን ዘመን ሰው ያላወቀው ፌስታል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና ጎማ አለ። እነዚህ ሲነድዱ ዳዮክሲንን የመሰሉ መርዛማ ውሁዶችና ደቃቅ ብናኝ ይለቅቃሉ። ቀኑም የሌሊት ቅዝቃዜ ጭሱን ወደ መሬት በሚያፍንበት ወር ላይ ይውላል። ስለዚህ ጠረጋው ጠቃሚ ሆኖ ሳለ፣ ማቃጠሉ አስም ላለባቸው ልጆች ከዓመቱ አስቸጋሪ ቀናት አንዱን ይፈጥራል።

አለርጂ በሰውነት ውስጥ

የአለርጂ ዝንባሌ ያለው ልጅ አንድን ቀስቃሽ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰማውም። ሰውነቱ ግን ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጃል። ይህም በአፍንጫ፣ በዓይን፣ በሳንባና በቆዳ ውስጥ በሚገኙ ማስት ሴሎች ላይ ይለጠፋል። ያው ነገር በድጋሚ ሲመጣ ማስት ሴሎቹ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን ይለቅቃሉ። ውጤቱ ማስነጠስ፣ የንፍጥ መዝረክረክ፣ የዓይን ማሳከክ ወይም የመተንፈሻ ቱቦ መጥበብ ነው።

ብክለት በዚህ ሂደት ውስጥ በሦስት መንገድ ይገባል። አንደኛ፣ ጭስና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የመተንፈሻ ቱቦን ሽፋን ስለሚጎዱ ቀስቃሾች በቀላሉ ዘልቀው ይገባሉ። ሁለተኛ፣ በቤተ ሙከራ እንደታየው የናፍጣ ጭስ ብናኝ ከአበባ ብናኝ ጋር አብሮ ሲገባ ሰውነት የሚያመርተው ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ ይጨምራል። ሦስተኛ፣ አስም ያለበት ልጅ ቱቦ አስቀድሞ የተቆጣ በመሆኑ ትንሽ ጭስ እንኳ ጥቃት ሊያስነሣ ይችላል።

ከሁሉም አሳሳቢ የሆነው ፒኤም 2.5 የተባለው ደቃቅ ብናኝ ነው። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር አይበልጥም፤ የሰው ጠጉር ከእርሱ 30 ጊዜ ያህል ይወፍራል። አፍንጫ ስለማያስቀረው እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይደርሳል።

በአካባቢው የሚገኙ ቀስቃሾች

* የሣርና የዛፍ ብናኝ፦ የአለርጂ መነሻ የሚሆነው በአብዛኛው በነፋስ የሚጓዝ ብናኝ ነው። ሣሮች ከክረምት ማብቂያ ጀምሮ ያብባሉ። የሐበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ የሚገኙበት የዛፍ ቤተሰብም በሌሎች አገሮች በአለርጂ የታወቀ ነው። በመስከረም የሚፈነዳው አደይ አበባ ግን ብናኙን የሚያስተላልፉት ነፍሳት ስለሆኑ ዋና ተጠያቂ አይደለም። ቢጫው አበባ ይታያል፤ ማስነጠስ የሚያመጣው በአጠገቡ የሚያብበው ሣር ግን ልብ አይባልም። የባሕር ዛፍ አበባም በዋናነት በንብ የሚራባ ነው።
* የቤት አቧራ ምስጥ፦ በዓይን የማትታይ፣ በፍራሽ፣ በትራስና በብርድ ልብስ ውስጥ የምትኖር ፍጥረት ናት። እርጥበት ስለምትወድ በክረምት ትበዛለች።
* ሻጋታ፦ በክረምት እርጥበት በሚጠጡ የጭቃና የብሎኬት ግድግዳዎች ላይ ይበቅላል።
* በረሮ፣ ድመትና ውሻ፦ የበረሮ ኩስና የእንስሳት ቆዳ ቅርፊት የታወቁ ቀስቃሾች ናቸው።

ልጆች ለምን ይበልጥ ይጎዳሉ?

ልጅ ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ከአዋቂ ይበልጥ አየር ይተነፍሳል። የመተንፈሻ ቱቦው ጠባብ ስለሆነ ትንሽ እብጠት ብዙውን ክፍል ይዘጋበታል። ሳንባው ከተወለደ በኋላም ለዓመታት ማደጉን ይቀጥላል፤ በዚህ ጊዜ የደረሰ ጉዳት እስከ ጉልምስና ሊከተለው ይችላል። ቁመቱ አጭር በመሆኑም በመንገድ ዳር ሲሄድ አፍንጫው ለመኪና ጭስ ማውጫ ይቀርባል። ጉዳቱ በአለርጂ ብቻ አይወሰንም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በሳንባ ምች ከሚሞቱበት ምክንያት ግማሽ ለሚሆነው ገደማ በቤት ውስጥ የሚገኝ የማገዶ ጭስ አስተዋጽኦ አለው።

በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች

አዲስ አበባና ጅማ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሕፃናት አስምና አለርጂ ጥናት ውስጥ ተካፍለዋል። በአገሪቱ በስፋት የተጠናችው ግን ጅማ ናት። በ1997 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት የታተመ ጥናት የጅማን ከተማና የዙሪያውን ገጠር አነጻጽሮ፣ ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስና አስም በከተማው ይበልጥ እንደሚታይ አገኘ። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት በቤት ውስጥ ላምባ መጠቀም ከአለርጂ ጋር እንደሚያያዝ አመለከተ። ውጤቱ ከእንጨት ወደ ላምባ መሸጋገር በራሱ ንጹሕ አየር ማግኘት እንዳልሆነ ያሳያል። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው ደግሞ ከመንገድ በ150 ሜትር ክልል ውስጥ ከሚኖሩት መካከል ቤቱ ለመንገድ እየቀረበ በሄደ ቁጥር የሲር ሲርታው ዕድል እንደሚጨምር ጠቁሟል።

እዚያው ጅማ በ2001 እ.ኤ.አ. የተገኘ ሌላ ውጤት ጉዳዩ ውስብስብ መሆኑን ያስረዳል፤ መንጠቆ ትል የነበረባቸው ሰዎች ሲር ሲርታው ያነሰ ሆኖ ታይቷል። ይህ ማለት ትል መልካም ነው ማለት አይደለም። ከተሜነት የሰውነት መከላከያን የሚለውጠው በብዙ መንገድ እንደሆነ ግን ያመለክታል።

በቡታጅራ አካባቢ በገጠር ቤቶች የተደረገ ልኬት ከማገዶ የሚወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በላይ መሆኑን አሳይቷል።

ምልክቶችና ከጉንፋን ጋር መሳሳት

በአዲስ አበባ የልጅ ሳል ብዙውን ጊዜ «ብርድ መታው» ወይም «ጉንፋን ያዘው» ተብሎ ይታለፋል። የአፍንጫ አለርጂ ደግሞ በሕዝቡ ዘንድ «ሳይነስ» ይባላል። እነዚህን ለመለየት የሚከተሉት ነጥቦች ይረዳሉ፦

* ጉንፋን በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ይለቅቃል፤ አለርጂ ቀስቃሹ እስካለ ድረስ ይቆያል ወይም ወቅት ጠብቆ ይመለሳል።
* ጉንፋን ትኩሳት ሊኖረው ይችላል፤ አለርጂ ትኩሳት የለውም።
* የአለርጂ ንፍጥ ቀጭንና ውሃ መሰል ነው፤ አፍንጫና ዓይን ያሳክካል።
* ሌሊትና ንጋት ላይ የሚብስ ሳል፣ ሲሮጥ ወይም ሲስቅ የሚነሣ ሳል፣ ሲር ሲር የሚል ድምፅ አስምን ያመለክታሉ።

ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ለሳንባ ነቀርሳም መመርመር አለበት። ልጁ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መናገር ወይም መጥባት ካቃተው፣ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ ይኖርበታል።

መሳሳቱ የራሱ ጉዳት አለው። ሳሉ ያልተወው ልጅ ደጋግሞ አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል፤ ይህ ለአለርጂ አይጠቅምም። በአንዳንድ ቤተሰቦች ዘንድም እንጥል ማስቆረጥ መፍትሔ ተደርጎ ይወሰዳል። ድርጊቱ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን የሚያስከትል ጎጂ ልማድ ሲሆን አስሙን አያድንም።

ዓይንም ይጎዳል። በኢትዮጵያ ልጆች ላይ በብዛት ከሚታዩት አንዱ ከባድ የዓይን አለርጂ ሲሆን ዓይንን ያቀላል፣ እጅግ ያሳክካል። ልጁ ዘወትር ሲያሸው የዓይኑ ብሌን መስታወት ቅርጹን ሊያጣ ይችላል። በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው የታወቀ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የስቴሮይድ ጠብታ ማሳከኩን ቶሎ ቢያስታግስም፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግላኮማና የዓይን ሞራ ያመጣል።

ሕክምና

የአስም መድኃኒቶች በሁለት ይከፈላሉ። ሳልቡታሞል የጠበበውን ቱቦ በደቂቃዎች ውስጥ ያሰፋል፤ የሚወሰደው ጥቃት ሲነሣ ነው። ቤክሎሜታዞንን የመሰሉ የሚሳቡ ስቴሮይዶች ደግሞ ቁጣውን ከሥሩ ያበርዳሉ፤ ልጁ ደኅና በሚመስልበት ጊዜም በየዕለቱ ይወሰዳሉ። ብዙ ወላጆች በተለምዶ «ፓፍ» የሚባለው መድኃኒት ሱስ ያስይዛል ብለው ስለሚሰጉ ያቋርጡታል። መድኃኒቱ ሱስ አያስይዝም፤ የሚመለሰው ሕመሙ ራሱ ነው።

ትንሽ ልጅ ፓፉን ከአተነፋፈሱ ጋር ማስተባበር ስለማይችል በመካከል ስፔሰር የተባለ ማጠራቀሚያ ያስፈልገዋል። ይህ ካልተገኘ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሥሩ ተበስቶና ፓፉ በልክ ገብቶበት ሊተካው ይችላል። በደቡብ አፍሪካ በልጆች ላይ የተደረገ ጥናት እንዲህ ያለው ጠርሙስ በፋብሪካ ከተሠራው ጋር ተቀራራቢ ውጤት እንዳለው አረጋግጧል። አሠራሩንና አጠቃቀሙን የጤና ባለሙያ ሊያሳይ ይገባል።

በቤት ውስጥ መከላከል

በኢትዮጵያ ማገዶ ለመቆጠብ ሁለት ምድጃዎች በስፋት ተሰራጭተዋል፦ ለከሰል ላቀች፣ ለእንጀራ ምርት። ምርት ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሆኖም ማገዶ መቆጠብና አየር ማጽዳት አንድ አይደሉም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ተካሂዶ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ የሙከራ ጥናት የተሻሻለው የእንጀራ ምድጃ የልጆችን የታችኛው መተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን በግልጽ እንዳልቀነሰ አግኝቷል። ትልቁ ለውጥ የሚመጣው በኤሌክትሪክ ወይም በጋዝ ሲበሰል ነው። ይህ በማይቻልበት ቤት ጉዳቱን የሚቀንሱ ነገሮች አሉ፦

* በሚጋገርበት ሰዓት ልጁን ከማድ ቤት ማራቅ፤
* ከሰል ውጭ አቀጣጥሎ ጭሱ ካለቀ በኋላ እንኳ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አለማኖር፣ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊገድል ስለሚችል፤
* ነፋስ ይመታናል በሚል ፍርሃት መስኮትን ሙሉ ቀን አለመዝጋት፤
* አንሶላና ብርድ ልብስ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ፍራሽን በፀሐይ ማስጣት፤
* ቤት ሲጠረግ ውሃ ማርከፍከፍ ወይም በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፤
* በቤት ውስጥ ሲጋራ አለማጨስ፤
* በተቻለ መጠን ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ከዋናው መንገድ ይልቅ በውስጥ ለውስጥ መንገድ መውሰድ።

ክትትልና ፖሊሲ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው መመሪያ መሠረት የፒኤም 2.5 ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ ከ5 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም፤ የቀን አማካዩ ወሰን 15 ነው። በአዲስ አበባ የተመዘገቡት ዓመታዊ አማካዮች ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንጦጦ መንገድ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ የተተከለ መሣሪያ የደቃቅ ብናኝን መጠን በየሰዓቱ ሲለካ ቆይቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከውጭ ተባባሪዎች ጋር የራሱን የልኬትና የጥናት ሥራ አካሂዷል።

የከተማው አስተዳደር ከ2021 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የአየር ጥራት አያያዝ ዕቅድ አውጥቷል። ብክለትን ከሚቀንሱ ሌሎች እርምጃዎች መካከል በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና በመገናኛ የሚያልፈው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ቀላል ባቡር፣ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው መንገዶችን ለተወሰነ ሰዓት ከመኪና ነጻ የሚያደርገው «መንገድ ለሰው» መርሐ ግብር፣ በ2012 ዓ.ም. በአሮጌ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ የጣለው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅና በ2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖችን ወደ አገር እንዳይገቡ የሚከለክለው ውሳኔ ይገኙባቸዋል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የተራራውን ደን ለመዝናኛ ክፍት አድርጓል።

እነዚህ እርምጃዎች በአብዛኛው መንገድንና የውጭውን አየር የሚመለከቱ ናቸው። ሕፃናት የዕለቱን አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳልፉት ግን በቤት ውስጥ ነው። በመሆኑም በየካና በእንጦጦ ግርጌ የልጆች አተነፋፈስ የሚሻሻልበት ፍጥነት አስተማማኝና አቅምን ያገናዘበ የኤሌክትሪክ አቅርቦት ለየቤቱ ማድ ቤት ከሚደርስበት ፍጥነት ጋር የተያያዘ ነው።